ስለ አንዲት የመጫወቻ መኪናና ስለ ፈረድሁት ፍርድ

ዛሬ የምጽፈው ነገር ሲጀምሩት ለዚህ ገጽ የማይገባ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ የመጫወቻ ዕቃ ነውና። ነገር ግን በዚህች ዕቃ ምክንያት በጉባኤ መካከል በአንድ ሰው ላይ ፈርጃለሁ። በጉባኤ የተናገሩትን ስሕተት በጓዳ ብቻ ማረም አይበቃምና፥ የተሳሳትሁትንም የተማርሁትንም ባንድነት ለመጻፍ አሰብሁ።

የምኖረው በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን የሰበካው ጉባኤ ጸሓፊ ሆኜ ሳለሁ፥ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ ምእመን በኪራይ የጭነት መኪና አንድ ትልቅ ዕቃ አምጥተው ከአዳራሹ ደጅ አስወረዱ። እኒህ ሰው ብዙ ዘመን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፥ ንግግራቸው ጥቂት፥ በቅዳሴ ጊዜ ሁልጊዜ ከኋላ በግድግዳው አጠገብ የሚቆሙ ናቸው። ዕቃው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ «ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያመጣሁት ነው፤ ከትምህርታቸው በኋላ ይጫወቱበት» አሉ። ከዚህ የበለጠ ቃል አልጨመሩም።

ዕቃይቱ ፈረንጆች ፒንቦል የሚሏት የመጫወቻ መኪና ነበረች። ላላየ ሰው እንዲህ ብዬ ልግለጻት። አራት የብረት እግሮች አሏት፤ በእግሮቹ ላይ እንደ ሣጥን ያለ ገላ ተጋድሟል፤ ሣጥኑም በመስታወት የተከደነ ሆኖ ወደ ተጫዋቹ በጥቂቱ ያዘነብላል። በስተራሷ ሌላ ሣጥን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በፊቱም ከበስተጀርባው በአምፖል የሚበራ በመስታወት ላይ የተሣለ ሥዕል አለ። የዚህችኛይቱ ሥዕል በጠፈር ውስጥ የሚገናኙ ሁለት መንኰራኩሮች ነበሩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የጆተኒን ገበታ ያስታውስ ይሆናል፤ ነገር ግን በጆተኒ ሰው ከሰው ጋር ይገጥማል፥ በዚህች መኪና ግን ተጫዋቹ የሚታገለው ወደ ታች መውደቅ ከማይተው የብረት ኳስ ጋር ነው።

በዚያው ዕለት ጉባኤ ነበረና ነገሩ ቀረበ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሥቼ ተናገርሁ። ይህ ዓይነት መኪና በመጠጥ ቤት የሚቆም፥ ገንዘብ የሚበላ፥ የቁማር የቅርብ ዘመድ እንደ ሆነ አስረዳሁ። በሐዋርያት ቀኖና ቁማር የሚወድ ካህን ወይ እንዲተው ወይ ከሹመቱ እንዲሻር የታዘዘውን አነሣሁ። «ልጆቻችን ፊደል እንዳይጠፋባቸው በምንደክምበት አዳራሽ የፈረንጅ መጠጥ ቤት ዕቃ ብናቆም ነገ ምን ይሉናል?» ብዬም ጨረስሁ። ንግግሬ ያማረ ነበረ፤ ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። የተቃወመኝ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌው «እሺ፥ ፈቃዳችሁ ይሁን» ብለው ወጡ። እኔም ደጅ ድረስ ሸኝቼ «ጋሼ፥ ቅር እንዳይሉ» ብላቸው፥ «ምን ቅር ያሰኘኛል» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለት ጐረምሶች መኪናይቱን እየጐተቱ መልሰው ጫኗት። የሆነ ነገር ሲበጠስ ሰማሁ፤ ነገር ግን ዘወር ብዬ አላየሁም።

ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ በእኒሁ ሰው ቤት የልጃቸው የሙት ዓመት መታሰቢያ ሆነና ከካህናቱ ጋር ሄድሁ። ልጁን በመልክ ብቻ ነበር የማውቀው፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በልብ ሕመም ያረፈ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣም ከእናቱ አጠገብ የሚቀመጥ ቀጭን ልጅ ነበረ። ጸሎቱ አልቆ እህል ውሃ ሲቀርብ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ተመለከትሁ። ልጁ ካቻቪቴ ይዞ በተከፈተች መኪና ላይ አጎንብሶ ይሥቃል፤ አባቱ ከጐኑ ቆመው በእጅ ባትሪ ያበሩለታል። ከበላያቸው ሁለቱ መንኰራኩሮች ይታያሉ።

እናቱ ዐይኔ የቀረበትን አይተው፥ «ከእርሷ ተለይቶ አያውቅም ነበር። አባቱ ልጆች ይጫወቱባት ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዷት ነበር፤ ቦታ የለም ቢሉት መለሳት» አሉኝ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ሽማግሌው እኔ የተናገርሁትን ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከማግሥቱም ጀምሮ ስለዚህ መኪና የተጻፈውን መመርመር ጀመርሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያነበብሁት ለመማር አልነበረም፤ ጥፋተኛ አለመሆኔን የሚያስረዳልኝ ነገር ፍለጋ ነበረ። እርሱም አልጠፋም። ከዚህ በታች ያለ ስም የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የዚህ ጨዋታ ሥሩ በኤውሮፓ መኳንንት ቤት የነበረ የኳስ ገበታ ነው። በ1871 ዓመት በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ የነበረ ሞንታግ ሬድግሬቭ የተባለ ሰው ኳሲቱን በሞላ የሚያስፈነጥር ዘንግ ጨምሮ የፈጠራ መብት አወጣበት። በ1931 ዴቪድ ጎትሊብ የተባለ የቺካጎ ሰው «ባፍል ቦል» የምትባለውን ሠርቶ ሸጠ። ጊዜው ሥራ የጠፋበት የችግር ዘመን ነበረና፥ በአንድ ሳንቲም ጥቂት ደቂቃ መዝናናት ለድኻ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ኳሲቱ አንድ ጊዜ ከተፈነጠረች በኋላ ተጫዋቹ ሊያደርግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበረ፤ ኳሲቱ በምስማሮች መካከል እየተጋጨች ወደ ወደቀችበት ትወድቃለች፥ ሰውየው ቆሞ ያያል። ባለ መጠጥ ቤቶችም ብዙ ነጥብ ላገኘ ገንዘብ ወይም ሌላ ሽልማት መስጠት ጀመሩ። እንግዲህ በዚህ ዘመን ቁማር ነው ያለ ሰው አልተሳሳተም።

በ1942 የኒውዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ መኪናዎቹን በሙሉ አስከለከለ። ፖሊሶች ከየሱቁና ከየመጠጥ ቤቱ እየለቀሙ ሰበሰቧቸው፥ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ባሉበት በመዶሻ ተሰባበሩ። ክልከላው 34 ዓመት ቆየ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የእኛዋ ቺካጎ ናት። በአሜሪካ የታወቁት የዚህ መኪና ፋብሪካዎች የነበሩት እዚሁ ሳለ፥ የከተማው ሕግ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ነዋሪው እንዳይጫወትባቸው ከልክሎ ነበር። ሠራተኛው ቀን የሠራውን ማታ መንካት አይችልም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሳነብ ልቤ ደስ አለው፤ ያ ከንቲባ እንደ እኔ የተናገረ መሰለኝ።

ደስታዬ ግን እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ አልደረሰም። በ1947 ሃሪ ማብስ የተባለ መሐንዲስ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በምትባል መኪና ላይ ፍሊፐር የሚባሉትን ትንንሽ ክንዶች ጨመረ፤ ተጫዋቹ በሣጥኑ ጐንና ጐን ያሉትን ቁልፎች ሲጫን ክንዶቹ ኳሲቱን መልሰው ወደ ላይ ይመቷታል። በማግሥቱ ዓመት ስቲቭ ኮርዴክ የተባለ ሌላ መሐንዲስ ሁለት ክንዶች ብቻ ከታች አድርጎ ሠራ፤ አሠራሩ ለኋለኞቹ ሁሉ ምሳሌ ሆነ። ኮርዴክ በ2012 በ100 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ብዙ መኪናዎችን አወጣ፤ ከነዚህም አንዷ በ1976 በዊልያምስ ፋብሪካ የተሠራችው «ስፔስ ሚሽን» ትባላለች፤ የጠፈር ተልእኮ ማለት ነው። እኔ ከደጅ ያስመለስኋት ይህችን ነው።

በዚያው በ1976 የኒውዮርክ ሹማምንት ክልከላውን እንደ ገና ሲመረምሩ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጸሓፊ በፊታቸው ቆሞ ተጫወተ። ነገሩ በዕድል ሳይሆን በጥበብ እንደ ሆነ ለማስረዳት ኳሲቱ ከላይ ካሉት መንገዶች በመካከለኛው እንድትገባ አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ ተናገረ፤ ዘንጉን ስቦ ለቀቀ፥ ኳሲቱም እንዳለው ገባች። ሕጉም ተሻረ። ሰውየው ራሱ ከጊዜ በኋላ ዕድልም እንደ ረዳው አልደበቀም። እኔም የሐዋርያው ማትያስን ዕጣ አስታውሼ ዕጣ ሁሉ ቁማር አለመሆኑን፥ አባቶቻችንም በልደት በዓል ገና ሲጫወቱ፥ በጥላ ሥር ተቀምጠው ገበጣ ሲቈጥሩ ማንም እንዳልከሰሳቸው አሰብሁ። ቁማርን ኀጢአት የሚያደርገው የሚያጠፋው ገንዘብና የሚያፈርሰው ቤት ነው። ይህች መኪና ሳንቲም ትጠይቅ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌውን አልጠየቅሁም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጐደለኝ።

በየካቲት ወር፥ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት በሚቈርጥበት ጊዜ፥ ብቻዬን ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ከጠጣን በኋላ ፈራ ተባ እያልሁ፥ «ጋሼ፥ ያችን መኪና ላያት እችላለሁ?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና ካፖርታቸውን ደርበው ወደ ጋራዡ መሩኝ። በብርድ ልብስ ተሸፍና ነበር።

«አትሠራም ማለት ይቻላል» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ቍጥሯ ሐሰት ነው።»

ከዚያም ክዳኗን ከፍተው ውስጧን አሳዩኝ። አንባቢ ሆይ፥ በዚህች መኪና ውስጥ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለም። ከእርሷ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መኪናዎቹ ሁሉ ወደዚያ ዞረዋል፤ እርሷ ግን ከፊተኞቹ መጨረሻዎች አንዷ ናት፤ እንደ እርሷ ያሉ ከ11 ሺህ የሚበልጡ ተሠርተዋል። ሥራዋ ሁሉ በሽቦ፥ በሞላ፥ በጥርስና በማግኔት ነው። ኳሲቱ 80 ግራም ያህል የምትመዝን ብረት ናት። ዒላማ ስትመታ ከዒላማው በስተኋላ ያሉ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች ይነካካሉ፤ በተነካኩበት ቅጽበት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ኤሌክትሪኩ የተጠቀለለውን ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱ ብረት ይስባል፤ የተሳበው ብረት ቍጥር የተጻፈበትን መንኰራኵር አንድ ጥርስ ያህል ያዞራል። በዚያው ቅጽበት ሌላ ማግኔት አንዲት ዘንግ ወርውሮ የብረት ሰሌዳ ያስመታል፥ ቃጭል የሚመስል ድምፅ ይወጣል። የዐሥሩ፥ የመቶውና የሺሁ ድምፅ የተለያየ ነው፤ የለመደ ሰው ሳያይ በጆሮው ይቈጥራል። በሜዳው መካከል አንዲት ዒላማ በሞተር ኃይል ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፥ እርሷን መምታት የጨዋታው ትልቅ ነገር ነው።

ከሣጥኑ ግድግዳ አጠገብ በብረት ቀለበት መካከል የተንጠለጠለ ቱንቢ አየሁ፤ ግንበኛ ግንቡ መቅናቱን የሚያይበት፥ ነቢዩ አሞጽም በራእዩ የተመለከተው ዓይነት ማለቴ ነው። ተጫዋቹ ትዕግሥት አጥቶ መኪናይቱን ቢነቀንቃት ቱንቢው ቀለበቱን ይነካና ሁሉ ነገር ይቆማል፤ ክንዶቹ ይሞታሉ፥ ኳሲቱ ትወድቃለች። ይህን ዘዴ በ1930ዎቹ ያወጣው ሃሪ ዊልያምስ ነው፤ ፋብሪካውንም በ1943 ያቆመው እርሱ ነው። ሽማግሌው ቱንቢውን በጣታቸው ነካ አድርገው፥ «በጥቂት መግፋት ትችላለህ፤ አብዝተህ ስትገፋ ነው የሚፈርድብህ» አሉኝ። ስለ መኪናይቱ ብቻ ይናገሩ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

ሳንቲም መግቢያውን ፈልጌ አሳዩኝ ብላቸው ከሥሩ ያለች ትንሽ ቁልፍ አሳዩኝ፤ ያለ ሳንቲም እንድትሠራ ልጁ ቀይሯት ነበር።

ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ደካማ ነበረ። ሐኪሞች መሮጥን ከለከሉት፤ የእግር ኳስም፥ የመዋኛም ነገር ቀረበት። አባቱ በታክሲያቸው ሲዞሩ አንድ የሚዘጋ መጠጥ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ አይተው፥ ቆሞ የሚጫወቱት ጨዋታ መሆኑን ተመልክተው ገዙለት። ስትገዛ የሞተች ነበረች። ሁለት ክረምት አብረው ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ። የሽቦዎቹ ልባስ ቀለም በዘመን ብዛት ደብዝዞ ነበርና ሽማግሌው ቀዩን ከብርቱካኑ መለየት አልቻሉም። ልጁም በየሽቦው ጫፍ ትንሽ ወረቀት እያጣበቀ ምልክት አደረገላቸው።

ወረቀቶቹን ለማየት አጎነበስሁ። የተጻፉት በእኛው ፊደል ነበረ። ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ እያለ በተራው ወርዷል፤ ግእዙ ሲያልቅ ወደ ካዕቡ ተሻግሯል።

«አማርኛ አይችልም ነበር» አሉ። «ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ማንበብማ የለም። ከቤተ ክርስቲያን የገዛነውን የፊደል ገበታ እዚያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እያየ ነው የጻፈው። እኔ በቶሎ እንዳነብለት ብሎ ነው። ሁለተኛው ክረምት ሲያልቅ ሳያይ ይጽፍ ነበር።»

በጉባኤው መካከል ስለ ፊደል የተናገርሁት ቃል በዚያ ብርድ ውስጥ ተመልሶ ሲመጣብኝ ቀና ብዬ ሰውየውን ማየት አቃተኝ።

ስለ ሥዕሉም ነገሩኝ፤ እኔም ቀደም ብዬ ስላነበብሁት አሁን ባጭሩ ልጻፍ። ሥዕሉ እውነተኛ ነገር ነው። በ1967 ዓመተ ምሕረት፥ በፈረንጅ 1975፥ ሐምሌ 10 ቀን፥ የአሜሪካው አፖሎና የሶቭየቱ ሶዩዝ ከምድር በላይ ተጋጠሙ። ሁለቱ መንግሥታት በጦር መሣሪያ እየተፈራሩ የሚኖሩ ነበሩ። የመንኰራኩሮቹ አየር እንኳ የተለያየ ነበረ፤ በአፖሎ ውስጥ ንጹሕ ኦክሲጅን በዝቅተኛ ግፊት፥ በሶዩዝ ውስጥ ግን በምድር ላይ እንዳለው ያለ አየር ነበረ። ስለዚህ በመካከል አንዲት ጠባብ ክፍል ተሠራች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው እዚያ ገብቶ አየሩ እስኪስተካከል ይቈያል። መጋጠሚያውም ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚገባ ሌላው የሚቀበል እንዳይሆን፥ ሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ እንዲያያዝ ተደረገ። በንግግር በኩል ደግሞ አሜሪካኖቹ ሩስኛ፥ ሩስያኖቹ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር፤ እያንዳንዱ በባልንጀራው ቋንቋ ሲናገር ይበልጥ ይግባባሉ። የአሜሪካው አለቃ ቶማስ ስታፎርድ ሩስኛውን በኦክላሆማ አነጋገር ያቀላቅለው ስለ ነበረ አሌክሲ ሊዮኖቭ ይቀልድበት ነበር። ይኸው ሊዮኖቭ ቮድካ የሚል ጽሕፈት የተለጠፈበትን ቱቦ ለእንግዶቹ ቢያቀርብ ውስጡ የቀይ ሥር ሾርባ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቀን ያህል አብረው ቈይተው ተለያዩ። አፖሎ ሲመለስ መርዘኛ ጋዝ ወደ ክፍሉ ገብቶ ሦስቱን አሜሪካኖች ለሞት ሊያደርሳቸው ነበር፤ ሆኖም ዳኑ።

«ልጄ ከአምስቱ አንዱን ለራሱ መርጦ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ስሌይተን የሚባለውን።»

ዲክ ስሌይተን በ1959 ከተመረጡት ከመጀመሪያዎቹ ሰባት የአሜሪካ የጠፈር ሰዎች አንዱ ነው። በ1962 የልቡ አመታት የተዛባ ሆኖ ስለ ተገኘ ከመብረር ተከለከለ። ጓደኞቹ እየበረሩ ተመለሱ፥ ወደ ጨረቃም ሄዱ፤ እርሱ በምድር ሆኖ ማን እንደሚበር የሚመርጥ ሹም ሆነ። በ1972 እንዲበር ተፈቀደለት፤ በ51 ዓመቱም ከነሊዮኖቭ ጋር በተገናኘው መንኰራኩር ወጣ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ጥበቃ ማለት ነው። ልጁ ይህን ታሪክ አንብቦ ለአባቱ በእንግሊዝኛ ሲተርክላቸው፥ እርሳቸው ደግሞ በአማርኛ እየመለሱለት እንዲህ ያመሹ ነበር።

እኔም ከዚህ በኋላ መታገሥ አልቻልሁም። ተነሥቼ ቆምሁና፥ «ጋሼ፥ ያን ቀን ያልሁትን ሳላውቅ ነው ያልሁት፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

ቶሎ አልመለሱልኝም። በበላዩ ሣጥን ላይ ያሉትን የቍጥር መስኮቶች አሳዩኝ። «ይህች መኪና ስታጠፋት ቍጥሩ አይጠፋም፤ መንኰራኵሩ በቆመበት ይቆማል። ልጄ መጨረሻ የተጫወተው 41,630 ነበረ። ሆስፒታል ሲገባ እንደዚያው ቀረ። እኔም አልነካሁትም፤ እናቱም አልነካችውም። ልጆች ጨዋታ ሲጀምሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህን አውቄ ነው ያመጣሁላችሁ። በልጆች እጅ ይጥፋ ብዬ ነበር። እናንተ ስትመልሱኝ ሽቦው ተበጥሶ መጣ፤ ስጠግን ደግሞ ለመሞከር ማስነሣት ግድ ሆነ። እዚህ ብቻዬን ቆሜ፥ በዚህ ብርድ፥ እኔው ራሴ አጠፋሁት።»

ከዚያም፥ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ብያለሁ» አሉ። ነገር ግን ይህን ሲሉ አያዩኝም ነበር።

ምን እንደምል ስላጣሁ፥ የተበላሸውን ላግዛችሁ እንደ ማለት ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋቸው። አስነሥተው አሳዩኝ። ኳሲቱ የመቶ ነጥብ ዒላማ ስትመታ የመቶው ቃጭል ይደወላል፥ ከላይ ግን የሺሁ ቍጥር ይዞራል። የሺሁ ቃጭል ሲደወል ደግሞ የመቶው ይዞራል። ጆሮ አንድ ነገር ይሰማል፥ ዐይን ሌላ ነገር ያያል። «ስድስት ወር ሙሉ ፈለግሁ» አሉ። «ቅጠሎቹን በሞረድ ጠረግሁ፥ መንኰራኵሩን ፈታሁ፤ ሁሉ ደኅና ነው።»

የመኪና ዕውቀት የለኝም፤ ነገር ግን ይህን ያህል አሰብሁ። ቃጭሉ ያለው በታችኛው ገላ ነው፥ ትክክልም ይናገራል። ቍጥሩ ያለው በራሷ ነው፥ ይሳሳታል። እንግዲህ ጥፋቱ ሁለቱን በሚያገናኘው የሽቦ ጅማት ላይ ነው፤ ያም ጐረምሶቹ ሲጐትቱ የተበጠሰው ነው። ሽማግሌውም ከተበጠሱት ስድስት ሽቦዎች ጫፍና ጫፍ የልጁን ወረቀቶች እያዩ እንደ ምልክቱ እንደ በየዷቸው ነገሩኝ። የእጅ ባትሪውን ያዝሁ፥ እርሳቸውም ጅማቱን ወደ ብርሃን አቀረቡ፤ እኔ ፊደሉን እየጠራሁ እንመለከት ጀመር።

«ሐ ከሐ።»

«ልክ ነው።»

«መ ከመ። ረ ከረ።» ከዚህ በኋላ ቀጥ አልሁ። «ጋሼ፥ ይህ ንጉሡ ሠ ነው። ይህኛው እሳቱ ሰ ነው። እርስዎ አንዱን ከአንዱ አጋጥመውታል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደ ገና አዩ። «ሁለቱም ያው ሰ አይደሉምን?»

ለእኛ ለአንባቢዎቹ ሁሉ ያው ሰ ናቸው፤ በድምፅ የሚለያቸው ሰው ዛሬ የለም። በዜማ ቤት ሳለሁ መምህሬ ስለነዚህ ሁለት ፊደላት ስንት ጊዜ እንደ ገሠጹኝ፥ እኔም በልቤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል እያልሁ እንዳጕረመረምሁ ትዝ አለኝ። ለዚያ ልጅ ግን ፊደል ድምፅ አልነበረም። ከገበታው ላይ በተራ ሲገለብጥ ሠ አምስተኛ፥ ሰ ሰባተኛ ናቸው፤ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች፥ ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች። ከሁላችንም ይልቅ ፊደሉን አምኖት ነበር።

ሽማግሌው መበየጃውን አሞቁ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ሽቦውን እኔ ያዝሁላቸው፥ ጣቴም በጥቂቱ ተቃጠለ። ሁለቱን አለያይተን በየቦታቸው መለስናቸው። ካስነሧት በኋላ ኳሲቱን እኔ እንድፈነጥር ነገሩኝ። አላውቅበትምና ሁለት ጊዜ ወዲያው ወደቀችብኝ፤ በሦስተኛው የምትወዛወዘዋን ዒላማ መታሁ። የሺሁ ቃጭል ደወለ፥ የሺሁም ቍጥር ዞረ። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም፤ ወደ ቍልፎቹ ቀርበው በትከሻቸው በቀስታ ገፋ አደረጉኝና ቦታዬን ወሰዱ። የቀሩትን ኳሶች ሁሉ ብቻቸውን ተጫወቱ። ምን ያህል የተካኑ እንደ ሆኑ ያን ጊዜ አየሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጉባኤ ተነሥቼ የቀድሞ ቃሌን አነሣሁ፤ ጉባኤውም መኪናይቱ እንድትመጣ ፈቀደ። ሽማግሌው ግን አልሰጡም። «አሁንስ እዚሁ ትቈይ፤ የሚፈልግ ልጅ ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ» አሉ። አሁን አራት አምስት ልጆች ይሄዳሉ፤ እኔም በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ።

ባለፈው ጊዜ ስንጠግን በብየዳው ሙቀት የሠ ወረቀት ዳር ዳሩ ጠቁሮ፥ ፊደሉም ከመጀመሪያው የመካከለኛው እግር አጥሮ የተጻፈ ስለ ነበረ፥ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት በንጹሕ ወረቀት አሳምሬ ልጽፈው ብዕሬን አወጣሁ። ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

«ተወው፤ እንዳለ ይሁን» አሉ። «አሁን አውቀዋለሁ።»